ለእናቴ የሚሆን ሐኪም ፍለጋ፦ አምስት ዶክተር፣ አንድ ፌስታል

የእማዬ ልጅ | ጥቅምት 4

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ግፊትና ስኳር አለባት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደሴን ትታ አዲስ አበባ እኔ ጋ ናት። ደሴ እያለች የምትከታተልበት አንድ ቦታ ነበራት። እዚህ ከመጣች ወዲህ ግን አምስት ዶክተር አይታለች። አንዱ ለግፊቱ፣ አንዱ ለስኳሩ፣ አንዱ ለጉልበቷ፣ አንዱ ለጨጓራዋ። አምስተኛው ለሳል። ከሰኔ ጀምሮ ደረቅ ሳል ይዟት አልለቅ ብሏታል፤ ሌሊት አያስተኛትም። አሁን ሦስተኛ ጠርሙስ ሽሮፕ ላይ ናት።

ሁሉም ይጽፋሉ። ሌላው ምን እንደጻፈ የሚጠይቅ የለም። እማዬ ሁሉንም በአንድ ጥቁር ፌስታል ቋጥራ ትራሷ ሥር ታስቀምጣለች። ትናንት ዘርግፌ ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ዓይነት ነው። የቱ የምን እንደሆነ ስጠይቃት «ነጯ የግፊት፣ ቢጫዋ የጉልበት፣ ሌላውን እነሱ ያውቁታል» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ስፔሻሊስት ጋ ሄደን ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ገብተን እስክንወጣ አምስት ደቂቃ አይሞላም። በመሀል ስልኩ ሁለቴ ጠራ፣ ሁለቴም አነሳ። የሚያናግረው እኔን ነው። «ስኳሯ ስንት ነው? መድኃኒቱን ትወስዳለች?» እሷ እኮ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። ስንወጣ «ልጄ፣ ሰውዬው እኔን ያየኝ አይመስለኝም» አለችኝ። እዚህ ያመጣችኝ ያቺ ቃል ናት።

ጎበዝ ዶክተር ጠቁሙኝ አይደለም የምለው። እሱን የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ይነግረኛል፣ ሁሉም የየራሱን። እናንተ ሐኪማችሁን ያገኛችሁት በምንድን ነው? «ይሄ ለኔ ይሆናል» ያላችሁት ምን አይታችሁ ነው?

ነገረኛው | ጥቅምት 4

ምን ያስቸግራል? ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ፈልጊ፣ ውሰጃት፣ አለቀ። እኔ አባቴን የወሰድኩት [ስሙ በአወያዩ ተነስቷል] ጋ ነው። ቀጠሮው ሁለት ወር ነው። ግን ሰው በከንቱ አይሰለፍም።

አወያይ | ጥቅምት 4

የሐኪምም የሆስፒታልም ስም አንጠራም፣ ለምስጋናም ለወቀሳም። ለጠያቂዋ በውስጥ መስመር መጻፍ ትችላላችሁ። ቀጥሉ።

ቡና ጠጭ | ጥቅምት 4

«ሰው በከንቱ አይሰለፍም» 😂 እኔ አንዴ ዘይት መስሎኝ ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ የመታወቂያ እድሳት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሲስተር ነበርኩ | ጥቅምት 5

የእማዬ ልጅ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርቼ ነው የወጣሁት። የማውቀውን ልበልሽ።

እኛ ሀገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። እኔንም ስንቴ ብለውኛል። ጤና መኮንን አለ፣ ጠቅላላ ሐኪም አለ፣ ስፔሻሊስት አለ፣ ከዚያ በላይ ሰብ ስፔሻሊስት አለ። ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የተሻለ ያገኘ ይመስለዋል። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ግን ሐኪሙ የሚያየው ነገር እየጠበበ ነው የሚሄደው። ለልብ ቧንቧ አንደኛ የሆነ ሰው የእናትሽን ጉልበት ላይጠይቅ ይችላል፤ ሥራው አይደለማ።

እናትሽ የሚያስፈልጋቸው አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ግፊትም ስኳርም የሱ ሥራ ናቸው። ጨጓራውንም ያየዋል። ስኳር ያለበት ሰው በየዓመቱ ዓይኑን መታየት አለበት፤ ያኔ ወደ ዓይን ሐኪም ይልካቸዋል። ወረቀቱ ግን ተመልሶ እሱ ጋ ይምጣ። የላብራቶሪ ውጤት ባገኘሽ ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ካርዱ እዚያው ይቀራል፣ ፎቶው ካንቺ ጋ ይዞራል።

ማንን እንደምትጠይቂ ደግሞ፦ ሰው ሐኪም ሲፈልግ ጎረቤት ይጠይቃል። ጎረቤት የሚያውቀው እሱ የዳነበትን ነው። እኔ ብሆን ነርስና ፋርማሲስት ነው የምጠይቀው። ፋርማሲስት የሁሉንም ማዘዣ ያያል፤ ማን አስቦ እንደሚጽፍ፣ ማን ዝም ብሎ እንደሚያዥጎደጉድ ያውቃል። «ጎበዝ ማን ነው?» ብለሽ አትጠይቂው፣ ማንንም አያማልሽም። «አንተ እናትህን ማን ጋ ትወስዳለህ?» በይው። መልሱ ሌላ ይሆናል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ግፊት ሲለኩ እይ። ደረጃ ወጥተው እያለከለኩ የገቡትን ሰው አምስት ደቂቃ ሳያሳርፉ፣ ጋቢያቸውን ሳያስወልቁ፣ እያወሩ የሚለኩ ከሆነ ያ ቁጥር የግፊት ቁጥር አይደለም። በዚያ ቁጥር መድኃኒት የሚጨምር ሐኪም ካጋጠመሽ ደግሞ ተነሺና ውጪ። ቡና ጠጥተው እንደመጡ ወዲያው ከተለኩም እንደዚያው ነው። (ይቅርታ ቡና ጠጭ።)

ነገረኛው | ጥቅምት 5

ሲስተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ፋርማሲስት ኮሚሽን የሚያገኝበትን ቢልክሽስ?

ሲስተር ነበርኩ | ጥቅምት 5

ሊያጋጥም ይችላል ወንድሜ። ለዚህ ነው አንድ ሰው ብቻ የማይጠየቀው። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ስም ከጠሩልሽ ግን ጆሮሽን ስጪ።

የደጋው ልጅ | ጥቅምት 5

ስታወሩ ደስ ይላል። እኛ ጋ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። የማኅበረሰብ ጤና መድን አለን፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ፣ ሪፈር ሲጽፉልህ ሆስፒታል ትሄዳለህ። ወረቀቱን ዘለህ በራስህ ከሄድክ ከኪስህ ትከፍላለህ። ሆስፒታል ስትደርስ የዕለቱ ተረኛ ማን እንደሆነ አንድዬ ነው የሚያውቀው።

አባቴ ግን አንድ ዘዴ አገኘ። የግፊትና የስኳር ክትትል የራሱ ቀን አለው። ካርድ ክፍል ያለችውን ልጅ «ያ ዝምተኛው ልጅ የሚገባው መቼ ነው?» ይላታል። ዝምተኛ የሚለው ወጣቱን ጠቅላላ ሐኪም ነው። ለምን እሱን እንደመረጠ ስጠይቀው «ያለፈውን ገጽ ገልጦ ያነባል» አለኝ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ግን ካርዱ ወደ ኋላ ሲገለጥና ሳይገለጥ መለየት አያቅተውም።

ቡና ጠጭ | ጥቅምት 5

«ያለፈውን ገጽ ገልጦ ያነባል።» ይሄን ፍሬም አስደርጌ ነው የምሰቅለው።

ሜሪላንድ ያለሁ | ጥቅምት 6

እኛ ጋ ደግሞ ምርጫው በዝቶ ነው መከራው። ኢንሹራንሱ የሚሸፍናቸው ሐኪሞች ዝርዝር ይሰጥሃል፣ መቶ ስም። አባቴ እንደመጣ «ሐበሻ ዶክተር ይሻልሃል» ብለን አንዱን አገኘንለት። አንዴ ሄዶ እምቢ አለ። «ነገ ቤተ ክርስቲያን አገኘዋለሁ። የሽንቴን ጉዳይ ለሱ አልነግረውም» አለ። እውነቱን ነው፤ እኛ ያለንበት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሐበሻው ሁሉ ይተዋወቃል።

ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድነው፤ እኔ አስተረጎምኩ። ሴት ልጁ ነኝ። «ሌሊት ስንቴ ለሽንት ትነሳለህ?» ሲሉት «አንዴ» አለ። አምስቴ ሲነሳ እሰማዋለሁ። ከኔ ጋር እንዴት ያውራው? ሐኪሟ ገባት መሰለኝ፣ በጨዋ ደንብ አስወጥታኝ በስልክ አስተርጓሚ አገናኘችው። ወንድ፣ አማርኛ የሚናገር፣ የማይተዋወቁት። ሃያ ደቂቃ አወሩ። እዚህ ያላችሁ እወቁት፦ ሜዲኬይድ (መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የጤና መድን) የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። የ12 ዓመት ልጅ ስለ አባቱ ፕሮስቴት ማውራት የለበትም።

የነታንያው | ጥቅምት 6

ሜሪላንድ፣ የኔዋ እናት ተቃራኒዋ ናት። እዚህ እስራኤል ከ1995 ጀምሮ ሕጉ ነዋሪውን ሁሉ ከአራቱ ቁፓት ሖሊም (የጤና መድን ድርጅቶች) በአንዱ ያስመዘግባል። የቤተሰብ ሐኪምህን ራስህ ትመርጣለህ። እናቴ ሐኪሙን «ልቤን ያቃጥለኛል» ትለዋለች። እኛ ልጆቹ ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለስነው፤ ልብ። ኤሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሳች፣ የልብ ሐኪም ጋ ተላከች፣ ወራት ሄደ። ሴትዮዋ እኮ ጨጓራዋን ነው የምትለው! አማርኛ ለሚያውቅ ሰው «ልቤን ያቃጥለኛል» ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከዚያ አማርኛ የምትናገር ነርስ ያለችበት ክሊኒክ ቀየርን። ሐኪሙ ራሱ ሩሲያዊ ነው፣ አማርኛ አንድ ቃል አያውቅም። ግን «ነፋስ መታኝ» ስትለው አይስቅባትም። የት ቦታ ላይ እንደመታት፣ መቼ እንደሚብስባት ይጠይቃታል።

ኡሙ ሂባ | ጥቅምት 7

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ሐኪሜን ያገኘሁት በረመዳን ነው። የድሮው ሐኪም ስኳርን የሚያወርድ እንክብል ሰጥቶኛል፣ ግሊቤንክላማይድ። መጾም አለመጾሜን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም፣ ይከለክለኛል ብዬ። አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቅኩ። ስኳሬ ወርዶ ነው።

አሁን የማያት ዶክተር ክርስቲያን ናት። ሻዕባን (ከረመዳን በፊት ያለው ወር) ሲገባ እሷ ራሷ ናት ያነሳችው። «ረመዳን እየመጣ ነው፣ ምን አሰብሽ?» አለችኝ። መድኃኒቱን ቀየረችልኝ፣ ሰዓቱንም ወደ ኢፍጣርና ሱሁር አዞረችው። ከዚህ በታች ከወረደ በዚያው ቅጽበት አፍጥሪ ብላ ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝ። የእማዬ ልጅ፣ እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ሐኪሙ ጠይቋቸው ያውቃል?

የእማዬ ልጅ | ጥቅምት 7

ኡሙ ሂባ፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው። ዛሬ ጠየቅኳት። «በጾም ቀን የጠዋቱን እተወዋለሁ፣ ውኃ መቅመስ ስለሆነ» አለችኝ። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ... ቁጠሩት እስቲ።

ተረኛው | ጥቅምት 8

ሐኪም ነኝ። ለሦስት ቀን በዝምታ ሳነብ ነበር። ተረኛ ሆኜ ነው፣ ስሙም ከዚያ ነው።

ቅድሚያ ስለ ሳሉ። እናትሽ ለግፊታቸው የሚወስዱት ኢናላፕሪል ነው? ከሆነ፣ ወይም መጨረሻው «ፕሪል» የሚል ሌላ ከሆነ፣ ሳሉ መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ የመጣ መሆኑን ለሐኪማቸው ንገሪ። የታወቀ ነገር ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። በራስሽ ግን እንዳታስቆሚ። የሚተካው ሳይታወቅ ግፊቱን ዝም ብሎ መልቀቅ ከሳሉ ይብሳል።

አሁን ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ልንገራችሁ። በአንድ ጠዋት አርባ ሰው የማይበት ቀን አለ። አርባውንም በደንብ አያለሁ ብል ውሸት ነው። በዚህ ሰዓት የሚረዳኝ ታካሚ መጀመሪያ ዋናውን የሚነግረኝ ነው። የኛ ሰው ዋናውን ለመጨረሻ ያቆያል። ስለ ራስ ምታቱ ይነግርሃል፣ መድኃኒት ትጽፋለህ፣ ተነስቶ በሩን ይይዛል። ከዚያ ዞር ብሎ «እ... ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? ሰገራዬ ላይ ደም አያለሁ» ይልሃል። ቁጭ በል እለዋለሁ። ውጪ ያለው ሰልፍ ይረግመኛል።

ሌላው፣ ሕዝባችን የሚወደው ሐኪም ሁልጊዜ የሚጠቅመው አይደለም። ጉንፋን ለያዘው ሰው ምንም ሳልጽፍ «ያልፍልሃል፣ ፈሳሽ ውሰድ» ብዬ ስሸኘው «መርፌ እንኳን አልወጋኝም» ብሎ ሰፈር ያማኛል። ጎረቤቴ ያለው ክሊኒክ ወግቶት ጎበዝ ይባላል። ብዙ የሚያዝና ብዙ የሚመረምር ሐኪም ስታዩ አትቸኩሉ። «ይሄ ምርመራ ውጤቱ ቢመጣ የሚቀየር ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያስረዳችሁ ያስረዳችኋል። የሚቆጣችሁን ልቀቁት።

ጠበልና ዳማከሴ፣ ጥቁር አዝሙድም፣ አትደብቁን። እናቴም ጠበልተኛ ናት። ሐኪሙ የሚሰድብ ዓይነት ከሆነ ታካሚው ይዋሻል። የሚዋሽ ታካሚ ደግሞ አይታከምም።

ፌስታሉን ይዘሽ ሂጂ። እንዳለ። ሳትመርጪ፣ ሳታስተካክዪ። ጠረጴዛው ላይ አድርጊውና ሐኪሙ ምን እንደሚያደርግ እይ።

ነገረኛው | ጥቅምት 8

ዶክተር፣ አርባ ሰው ካየህ አንተም ስልክ እያነሳህ ነው ማለት ነው?

ተረኛው | ጥቅምት 8

አንዳንዴ። ከድንገተኛ ክፍል ሲደወል። ያኔ «ይቅርታ እናቴ፣ ድንገተኛ ነው» ብዬ ነው የማነሳው። ይሄ ሰበብ ከመሰለህ ደግሞ መብትህ ነው።

የእማዬ ልጅ | ኅዳር 2

ወገኖቼ፣ ተመልሻለሁ። ይሄ ክር እንዳይዘጋ ብዬ ስጠብቅ ነበር።

ሲስተር እንዳለችው አደረግኩ። ሰፈራችን ያለውን ፋርማሲስት «እናትህን ማን ጋ ትወስዳለህ?» አልኩት። ሳቀና አንድ ስም ነገረኝ። ከዚያ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ እህት ነርስ ናት፤ ሌላ ክፍለ ከተማ ነው የምትሠራው። እሷንም ጠየቅኩ። ያው ስም! ፕሮፌሰር አይደለችም (ነገረኛው ይቅር በለኝ)። ወጣት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናት። ቀን ሆስፒታል ትሠራለች፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እዚሁ ሰፈር አንድ ልዩ ክሊኒክ ትገባለች።

ፌስታሉን ይዘን ሄድን። ዶክተሯ ተነስታ ለእማዬ ወንበር አቀረበችላት። ነጠላዋን አስወልቃ፣ ትንሽ አሳርፋ፣ ራሷ ለካቻት። በሁለቱም እጅ። ከዚያ ፌስታሉን አየችውና «ይሄ ምንድን ነው እማማ?» አለቻት። እማዬ አፍራ «ያው መድኃኒቴ ነው» አለች። ዶክተሯ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አንድ በአንድ እያነሳች «ይሄን ለምን ይወስዱታል? ይሄንንስ?» እኔን ዞር ብላ አላየችኝም። ላስረዳ አፌን ስከፍት እጇን ከፍ አድርጋ «እሳቸው ይንገሩኝ» አለችኝ።

ያገኘችውን ልንገራችሁ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ኢናላፕሪል፤ የፋብሪካ ስማቸው ነው የተለያየው። አንዱን የግፊቱ፣ ሌላውን የስኳሩ ዶክተር ናቸው የጻፉት። ስትነሳ የሚያዞራት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ተረኛው እንዳልከውም «ሳሉ መቼ ጀመረዎት?» አለቻት። «ሰኔ ሚካኤል ሰሞን» አለች እማዬ። የማዘዣው ቀን ሲታይ ግንቦት መጨረሻ። ቢጫዋ የጉልበት መድኃኒት ዳይክሎፌናክ ናት፣ የሕመም ማስታገሻ። ጨጓራዋን የሚያቃጥላት እሷ ናት። በዚያ ላይ ከግፊቱ መድኃኒት ጋር ተደርባ ኩላሊት ልትጎዳ ትችላለች። የኩላሊት ምርመራ አዘዘች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው።

እቤት ስንገባ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ከአምስቱ ዶክተሮች ሁለቱ ሲያክሙ የከረሙት የሌሎቹን መድኃኒት ነው። የሳሉ ዶክተር የግፊቱን፣ የጨጓራው ዶክተር የጉልበቱን። ሁሉም የየራሱን በትክክል ሠርቷል። የጎደለው ፌስታሉን የሚዘረግፍ ሰው ነው።

አሁን አሥራ አንዱ አራት ሆኗል። ኢናላፕሪሉ ሎሳርታን በሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ተቀየረ። ሳሉ ወዲያው አልጠፋም፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ከሦስት ቀን ወዲህ ግን ሌሊት ጸጥ ብሏል። የጾመ ነቢያትንም ነገር ራሷ አንስታ የመድኃኒቱን ሰዓት አስተካከለችላት። እማዬ «ከለከለችኝ» ብላ ልታኮርፍ ተዘጋጅታ ነበር፣ ሳታኮርፍ ቀረች።

አንድ የከፋኝ ነገር አለ፤ ካርዱ ርካሽ አይደለም። በየወሩ አንችለውም። ስነግራት «በየሦስት ወሩ ይበቃል፤ በመሀል ግፊቱን ጤና ጣቢያ በነፃ ያስለኩ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊ» አለችኝ። ደብተር ገዝተናል።

ሲስተር ነበርኩ | ኅዳር 2

እልል! ደብተሩን እንዳትጥይው። ቁጥሩን ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ጻፊ።

ተረኛው | ኅዳር 2

በሁለቱም እጅ ለካች? ማን እንደሆነች ሳልገምት አልቀርም። አልናገርም።

ነገረኛው | ኅዳር 3

እሺ ተሸነፍኩ። ስሟን በውስጥ ላኪልኝ፣ አባቴም ፌስታል አለው።

ቡና ጠጭ | ኅዳር 3

ዋናውን ጥያቄ ማንም አልጠየቀም። ቡና ከለከለቻቸው?

የእማዬ ልጅ | ኅዳር 3

ቡናውን አልከለከለችም። ጨውና የስኳር ማንኪያውን ግን ቀንሳለች። እማዬ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ሌላ ጉዳይ ይዛለች። «ያቺ ዶክተር ጣቷ ላይ ቀለበት አላየሁም፤ ለወንድምሽ ጠይቂልኝ» እያለችኝ ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ጥር ውስጥ ነው። እስከዚያ እንድትረሳው ጸልዩልኝ።